ሰልፉ የተለየበት ቀን

ከባሌ ጋር መጨረሻ ያደረግነው ነገር፣ እሑድ ከምሳ በኋላ የቆየ የውጭ ፊልም ማየት ነበር። በፊልሙ መምህራኑ ተማሪዎቹን አንዱን ዱርዬ፣ ሌላዋን ቀበጥ እያሉ ይፈርጇቸዋል።

«እኛንስ መች ማሩን?» አለና ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

አብዮቱ በፈነዳ በዓመቱ መካነ ሰላም ሰባተኛ ክፍል ነበርን። አንድ ካድሬ መጥቶ፣ «የጭሰኛ ልጆች በቀኝ፣ የባላባት ልጆች በግራ!» ብሎ አሰለፈን። የኋላው ባሌ ከእኔ ጎን በቀኝ ቆመ። አባቱ ባላባት ቢባሉም በሬዎቻቸው በድርቁ አልቀው፣ እንደ እኛው የእርዳታ ስንዴ ነበር የሚበሉት።

«ይሄስ የማን ነው?» ሲል ካድሬው ጠየቀኝ።

ፈራሁ። «የባላባት ልጅ ነው» አልሁ።

«አድኃሪ! አድኃሪ!» እያሉ ሲጮሁበት ብቻውን ወደ ግራ ተሻገረ።

በማግስቱ እናቱ ምንጭ ላይ አገኙኝ። «ልጄ፣ ረሃቡ እንኳ ሲገባ የማን ቤት ነው ብሎ አልጠየቀም» አሉኝ። ስለ ረሃቡ ብቻ የሚያወሩ መስሎኝ ነበር።

አርባ ዓመት በትዳር ስንኖር አንድ ቀን አላነሳብኝም፤ እኔም ይቅርታ አልጠየቅሁትም። ፊልሙ ሲያልቅ ልናገር ዞር ብል እንቅልፍ ወስዶታል። ለነገ አልሁ። በነጋታው ታመመ፤ በሳምንቱ ሞተ።

አሁን ለቅሶ ሊደርስ ለሚመጣ ሰው ሁሉ፣ በሰልፉ ቀን እሱን የጠቆምሁት እኔ መሆኔን እናገራለሁ።