ያነጠፍኩትን አልጋ ለምን አጨማደድኩት?

ዛሬ ለገና እንግዶቼ አልጋ አነጠፍኩና ራሴ ተንከባለልኩበት። ልጄ «እማዬ፣ ምን ነካሽ?» አለችኝ።

በጃንሆይ ጊዜ፣ ነቀምቴ ልጅ ሳለሁ፣ አዳዳ፣ የአባቴ እህት፣ ከገጠር፣ ከጊዳ አያና፣ ለገና መጣች። እናቴ እግሯን አጠበቻት፤ አዲስ ፎጣና ሳሙና ሰጠቻት፤ ራሷ የጠለፈችውን አንሶላ አነጠፈችላት። (እኛ ልጆች ሳሙናውን ከሩቅ እንድናሸት ብቻ ነበር የተፈቀደልን።)

ጠዋት አዳዳን መሬት ላይ፣ ቁርበት ላይ ተኝታ አገኘናት። ፎጣውም እንደታጠፈ ነው።

እናቴ እንባዋ መጣ። «አስቀየምኩሽ እንዴ?»

«ኧረ እቴ! ይሄን የመሰለ አንሶላ እኔ ላቆሽሸው?»

እናቴ አልጋው ላይ ወጥታ ተንከባለለችበት። «ይኸው፣ ቆሸሸ! አሁን ነይ።»

አዳዳ እየሳቀች አጠገቧ ወጣች። ለሦስት ቀን ብላ መጥታ እስከ ጥምቀት ከረመች።

እናንተስ ቤት አልጋ የፈራ እንግዳ ነበር? ምን አድርጋችሁ አስተኛችሁት?