የመኪናዋ የክርስትና አባት

በኤል አልቶ ከተማ ሰው የክርስትና አባት የማይፈልግለት ነገር የለም። ለልጅ፣ ለቤት ጣራ፣ ለሠርግ ኬክ፣ ለመኪናም ጭምር። ዶን ኤውሎጊዮ ቲኮና ዕድሜውን የትምህርት ቤት በር ሲጠብቅ ኖሮ በጡረታ ገንዘቡ ያገለገለች ትንሽ መኪና ሲገዛ፣ አንድ መካኒክ ለመኪናዋ የክርስትና አባት አደረገላት። ብልህነት መስሎት ነበር። የመካኒክ አበልጅ ያለው ሰው ለጥገና ምን ያወጣል ብሎ አስቦ ነው። ምስኪን።

መኪናዋ ኋላዋ ቁርጥ ያለ፣ ባለ አምስት በር፣ ባሕር ተሻግራ የመጣች ነች። መሪዋን ከቀኝ ወደ ግራ ያዛወሩላት ሰዎች ሥራው መሀል ላይ ሰልችቷቸው ይመስላል፣ ፍጥነትና ሙቀት የሚያሳዩትን ሰዓቶች ቀኝ በኩል እንዳሉ ትተዋቸዋል። ስለዚህ ዶን ኤውሎጊዮ ሲነዳ ሚስቱ ዶኛ ባሲሊያ አጠገቡ ተቀምጣ ታነብለታለች። በዚያውም በትዳር ዘመናቸው ሙሉ ስትናገር የኖረችውን "ቀስ በል" የሚል ቃል አሁን በማስረጃ ትናገረው ጀመር።

አበልጁ ዶን ሳቢኖ ጋራዥ አለው። ልቡ ሰፊ ነው፣ ድምፁ ከልቡ ይሰፋል። በየወሩ የመጀመሪያ አርብ አመሻሽ ላይ ቢራውን ይዞ ይመጣና መኪናዋን ይባርካል። አበባ ኮፈኑ ላይ፣ የተቆራረጠ ባለቀለም ወረቀት ጣራዋ ላይ፣ ቢራ በአራቱም ጎማ። እናት ምድር መጠጧን ካላገኘች መንገድ አትሰጥም፣ ይህን ሕፃንም ያውቃል። ሌላው ሰው ግን ጎማው ላይ ያቆማል። ዶን ሳቢኖ የራሱን ሃይማኖት ጨምሮበታል፤ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩ ላይ አንድ ሙሉ ጠርሙስ ያንቆረቁርበታል። "ልቧም ይጠጣ" ይላል። አረፋው የሞተሩን እሳት የሚጭሩት ካንዴላዎች በተተከሉበት ጉድጓድ ውስጥ እየተንጫጫ ሲሰርግ ሁሉም ያጨበጭባል።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋ ታስነጥሳለች። ትንፈራገጣለች፣ ትጠፋለች። ዶን ኤውሎጊዮ እየገፋ ወደ ጋራዡ ይወስዳታል።

ዶን ሳቢኖ ጆሮውን ሞተሩ ላይ ያስደግፍና ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። የመጀመሪያው ወር ችግሩ ፍሪስዮን ነው አለ፤ ስምንት መቶ ቦሊቪያኖ። በሁለተኛው ራዲያተሩ ነበር። በሦስተኛው ሞተሩ ሲያስነጥስ የመንገድ ንጠትን የሚያለዝቡትን አራቱንም አሞርትዛተር ቀየረ፣ ጉንፋን ለያዘው ሰው አዲስ ጫማ እንደመግዛት ማለት ነው። ሥራው ግን ሁለት ቀን ይፈጃልና እስከ ሰኞ ሞተሩ ይደርቃል፣ መኪናዋም ደህና ትሆናለች። አበልጅ ከአበልጁ የእጅ ዋጋ አይቀበልም። የሚቀበለው የዕቃውን ዋጋ፣ ምሳና ለሚቀጥለው ቡራኬ የሚሆነውን ቢራ ብቻ ነው። ነጻ ነገር እንደዚህ ይወደዳል።

ሌላ መካኒክ ጋ ሂድ የሚል አይጠፋም። የመኪናህን የክርስትና አባት በሌላ መካኒክ ማሳፈር ግን በዚያ ሰፈር ቤት ከማቃጠል ጋር አንድ ነው።

ከዚያ ዶን ሳቢኖ እናቱን ሊቀብር ወደ ኮቻባምባ ከተማ ወረደ። የመጀመሪያው አርብ ያለ ቡራኬ አለፈ። መኪናዋ ወሩን ሙሉ አንዴም ሳታስነጥስ ዳገት ወጣች፣ ቁልቁለት ወረደች። ዶን ኤውሎጊዮ አንድ ከሰዓት በኋላ መሪውን ይዞ ቆማ በነበረችው መኪና ውስጥ ብዙ ቆየ። ገብቶታል። ያወጣውን ብር በጣቱ ቆጠረ። ግን ለማን ይናገር? ለአበልጁ ቢናገር "ሥራህን አታውቅም" ማለት ነው፣ ያውም እናቱን በቀበረ ማግስት። ለሰፈሩ ቢናገር ለእናት ምድር መጠጥ የሰሰተ ሰው ይባላል። ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም አለ።

ዝም ብሎም ይቀር ነበር፣ የልጁ የሉሲንዳ ሠርግ ባይደርስ። የባሲሊያ ወንድም ዶን ሪጎቤርቶ ሰሞኑን አዲስ ትልቅ መኪና ገዝቷል፣ መግዛቱንም ያልሰማ ሰው እንዳይኖር ተግቶ ሠርቷል። እራት ላይ ሙሽራዋን እኔ ነኝ የማደርሳት አለ። "ልጅህን በዚያች ሳላም መኪና ከምትወስዳት በአህያ ብትወስዳት ይሻላል፣ አህያ ቢያንስ ትነሣለች።" ሁሉም ሳቁ። ባሲሊያም ሳቀች፣ ከዚያም ፍርዷን ሰጠች። በሠርጉ ጠዋት መኪናዋ አንዴ ካስነጠሰች ሉሲንዳ ከአጎቷ ጋር ትሄዳለች፣ መኪናዋም በማግሥቱ ትሸጣለች። ሉሲንዳ ከአባቴ ጋር ነው የምሄደው ብላ ብትከራከርም የእናቷን ፍርድ የሚሽር አልተገኘም።

ዶን ኤውሎጊዮ ብዙ ነገር አልነበረውም። ልጁን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ በገዛ እጁ ማድረስን ግን ይፈልግ ነበር፣ በጣም ይፈልግ ነበር።

የሠርጉ ጠዋት ደጁ በሰው ሞላ። ዶን ሳቢኖ ከሐዘን መልስ ነውና ያለፈውን ወር ጨምሮ ለመካስ አንድ ሙሉ ሳጥን ቢራ አስጭኖ መጣ። ጎማዎቹን አጠጣ። ከዚያ ጠርሙሱን በጥርሱ ከፈተ።

"ኮፈኑን ክፈተው፣ አበልጄ" አለ። "ዛሬ ልቧ ሁለት ይጠጣል።"

ዶን ኤውሎጊዮ አልነቃነቅም አለ። ሪጎቤርቶ የመኪናውን ቁልፍ እያሽከረከረ ይመለከታል። ባሲሊያ እጇን አጣጥፋ ቆማለች። ሉሲንዳ ቬሏን ይዛ በሩ ላይ ወጥታለች። ዶን ኤውሎጊዮ አበልጁን አየ፣ የሐዘኑን ጥቁር ጨርቅ ክንዱ ላይ አየ። ቀስ ብሎ ኮፍያውን አወለቀ።

"የሷስ ልብ ጠግቧል፣ አበልጄ። ዛሬ የሚፈራው የነጂው ልብ ነው። እኔ ላይ አፍስሰው።"

የሳቢኖ ጠርሙስ አየር ላይ ቀረ። እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አያውቅም፣ ቅር ሊለው ምንም አልቀረውም። ይሄኔ አንዲት አሮጊት አክስት ከኋላ ሆነው፣ ለእናት ምድር ያው በሱ በኩል ይደርሳታል፣ ይንጠባጠባል አሉ። ዶን ሳቢኖ ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። ጠርሙሱን ገልብጦ የአበልጁ ራስ ላይ አፈሰሰው፣ ሁለተኛውንም። ያለው ብቸኛ ሙሉ ልብስ እስከ ሸሚዙ ራሰ። ሪጎቤርቶ በቡራኬ መበለጥ አልወደደምና የራሱን መኪና ኮፈን በገዛ እጁ ከፍቶ በሳጥኑ የቀረውን ቢራ አዲሱ ሞተሩ ላይ አስፈሰሰ።

ሉሲንዳ ከፊት ተቀመጠች፣ ሰዓቶቹን የሚያነብ ሰው ያስፈልጋላ። ቁልፉ ዞረ። መኪናዋ ሳታስነጥስ ተነሣች።

ዳገቱ ላይ ዶን ኤውሎጊዮ የሙቀት መርፌዋ የት እንደሆነች ጠየቀ።

"መሀል ላይ ናት፣ አባባ።" ቬሏን ጠቅልላ ፊቱን ጠረገችለት። "ቢራ ቢራ ትሸታለህ።"

ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ እጇን ይዞ አወረዳት። ሪጎቤርቶ ቃል ኪዳኑ ካለቀ በኋላ በታክሲ ደረሰ፣ ማንም ምንም አልጠየቀውም። ዶን ሳቢኖ ግን የአበልጁን እርጥብ ትከሻ አቀፈና በጆሮው ሹክ አለው።

"አየህ? ያኔም ነግሬህ ነበር። አሞርትዛተሩ ነበር።"

"ልክ ነህ፣ አበልጄ" አለ ዶን ኤውሎጊዮ።

በቀጣዩ ወር የመጀመሪያ አርብ፣ አበልጁ ቢራውን ይዞ ሲመጣ፣ ዶን ኤውሎጊዮ አሮጌ ሸሚዙን ለብሶ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ የኮፈኑን መክፈቻ በጀርባው ከልሎ ደጃፉ ላይ ቆሞ ጠበቀው።