መልሱን ሳያዩ የሄዱት ዶክተር ነጂብ

መምህራችን ዶክተር ነጂብ ማረፋቸውን በስልክ የሰማሁት አዲስ አበባ፣ ከውጭ የታዘዘ ዕቃ የሚለቀቅበት ቢሮ ወረፋ ይዤ ቆሜ ሳለ ነው። የእሳቸውን መድኃኒት ነበር የምጠብቀው። ለሕመማቸው አልነበረም፤ ለአይጦቻቸው እንጂ።

የምታውቋቸው ሁሉ እንደምታስታውሱት፣ ዶክተር ጅማ አጠገብ ያለችው የሰርቦ ልጅ ነበሩ። ጅማ ባለው ቤተ ሙከራቸው ጥቁርና ነጭ አይጦች ለየብቻ ይረቡ ነበር። አንድ ክረምት ቀለብ የሚሰጧቸው አዴ ዘይነባ፣ አይጦቹ በርዷቸዋል ብለው ሁለቱን ዘር አንድ ሳጥን ውስጥ ከተቷቸው። ቡናማ ግልገሎች ተወለዱ። ኃላፊዎች ሴትዮዋን ሊያሰናብቱ ሲነሡ ዶክተር «ያዘዝኳቸው እኔ ነኝ» ብለው ተከራከሩ። ከዚያም ወደ ሴትዮዋ ዞረው «አብሽሩ አዴ ዘይነባ፣ ኒካህ አስረውልናል!» እያሉ ሳቁ።

ዶክተር ከጥቁሮቹ ወላጆች የወሰዱትን ሕዋስ፣ ኋላ እንዲለይ በቀለም ነክረው ለግልገሎቹ በመርፌ ሰጡ። በማግስቱ አብዛኛው ጠፍቶ ተገኘ። ልጅ የወላጁን ሕዋስ እንዴት ይገድላል?

«በደም ውስጥ ያሉት ጠባቂዎች፣ ጠላት ነህ ወይ ብለው አይጠይቁም» ይሉን ነበር። «የቤታችን ምልክት የታል ነው የሚሉት። ልጁ የጥቁሩንም የነጩንም ምልክት ይዟል። ከጥቁሩ የመጣው ሕዋስ ግን የነጩ ምልክት ይጎድለዋል፤ ስለጎደለው ይገደላል።»

ጠባቂዎቹ ተፈጥሯዊ ገዳይ ሕዋሳት የሚባሉት ናቸው። ይህን ለማረጋገጥ አንድ ነገር ብቻ ቀርቶን ነበር፤ እነሱን ብቻ ለይቶ የሚያጠፋ መድኃኒት። እነሱ ጠፍተው የተሰጠው ሕዋስ ከተረፈ፣ ገዳዮቹ ታወቁ ማለት ነው። መድኃኒቱ ግን ከቅዝቃዜ ከወጣ ይበላሻል። አዘዝን፣ ሳይለቀቅ ተበላሸ። ደግመን አዘዝን፣ አሁንም ፊርማ ጎደለ ተባለ። እኔ በንዴት ስቃጠል እሳቸው «ሶብር አድርግ» ይሉኛል። እውነቱን ልናገር፣ ትዕግሥታቸው ራሱ ያናድደኝ ነበር።

መርዷቸውን በሰማሁበት ቀን የመድኃኒቱ ካርቶን ተለቀቀልኝ። ማቀዝቀዣ በረዶው ከቀለጠ ቆይቷል። ይዤው ጅማ ተመለስኩና አወቱ መንደራ ሰፈር፣ ለቅሶ ቤት ገባሁ። አዴ ዘይነባ በእጃቸው ዳሰሱት።

«ያ ረቢ! ሞቋል እኮ!» አሉ።

ዶክተር፣ አላህ ጀነተል ፊርደውስን ይወፍቅዎ። ግልገሎቹ እያረጁ ነው፣ መድኃኒቱንም እንደገና አዝዣለሁ። ይቅር ይበሉኝና፣ ሶብሩን እኔ አልቻልኩበትም። እርስዎ እዚያ ዕቃ የሚለቀቅበት ቢሮ መስኮት ላይ አንድም ቀን ድምፅዎን ከፍ አላደረጉም። አሁን ይረፉ፤ ከእንግዲህ የምጮኸው እኔ ነኝ።