ውኃ ያልጠጣንበት ኮረብታ

የጉዞ ትእዛዙ የደረሰን ከቀትር በኋላ ነው። ሲመሽ ተንቀሳቅሰን ከፊት ለፊታችን ያለውን ኮረብታ እንድንረከብ ተባለ። እዚያ ላይ የነበረው ጦር ብዙ ሰው ስለተጎዳበት ወደ ኋላ ተመልሶ ሊያርፍ ነው። እኔና ዘሀራ የሻምበሉ የመገናኛ ሬዲዮ ሠራተኞች ነበርን። ሬዲዮኑን እኔ፣ ባትሪውን እሷ ተሸክመን ከሻምበል አዛዣችን ኋላ ኋላ ወጣን።

ኮረብታው ዛፍ የለውም። ቁጥቋጦውንም መድፍ ጨርሶታል። ከጫፉ ዝቅ ብሎ ምሽግ ተቆፍሯል። ጎንበስ ብሎ የሄደ ይተርፋል፤ ቀና ያለ አይተርፍም። በዚያ ሁሉ ወንድ መሀል ሴቶች እኔና ዘሀራ ብቻ ነበርን።

ዘሀራ የወረታ ልጅ ናት። አባቷ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ ወደ ሠራዊቱ የገባችው ሳይፈቅዱላት ነው። ቀጭን ናት፣ ቶሎ ትስቃለች፤ ሬዲዮ ላይ ስትናገር ግን ድምፅዋ አይንቀጠቀጥም። የሻለቃው አዛዥ ራሳቸው «ያቺን ልጅ አቅርቡልኝ፤ የምትለው ይሰማል» ይሉ ነበር።

ዛሬ ልጆች ስለ ጦርነቱ ሲጠይቁኝ ስለ ተኩሱ እንድነግራቸው ይፈልጋሉ። እኔ ደግሞ ስለ ሽንት እነግራቸዋለሁ። ያፍራሉ። እኔም አፍር ነበር።

ወንዶቹ ሽንታቸው ሲመጣ ፊታቸውን ወደ አፈሩ ያዞራሉ፤ ወይም ባዶ ቆርቆሮ ላይ ሸንተው ከምሽጉ ውጭ ይደፋሉ። ያንን ማንም ነገሬ አይለውም። ለእኛ ያለችው ከኮረብታው ጀርባ የተቆፈረች ጉድጓድ ነበረች። ወደሷ የሚያወርደው መንገድ ገላጣ ነው፤ ቀን የወረደ ይመታል። ስለዚህ ፀሐይ ከወጣች እስክትጠልቅ እንይዘዋለን። የወር አበባ ሲመጣ የብርድ ልብስ እየቀደድን እንጠቀም ነበር። ጨርቁን የምናጥብበት ውኃ የለም፤ የምናሰጣበት ቦታም የለም። አፈር ውስጥ እንቀብረዋለን።

ሻምበሉ ክፉ ሰው አልነበረም። የራሱን ኮዳ ለቁስለኛ የሚሰጥ፣ እኛንም እንደ ታናሽ እህቶቹ የሚያይ ሰው ነበር። ይህ ነገር ግን ጨርሶ አልታሰበውም። እኛስ ምን ብለን እንነግረዋለን? አንድ ቀን ልነግረው አፌን ከፍቼ ስለ ባትሪ አወራሁ።

ዘዴውን ያመጣችው ዘሀራ ናት።

«ካልጠጣን አይመጣም» አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ ከንፈራችንን ከማርጠብ በቀር ቀን ቀን ውኃ አንጠጣም። ሙቀቱ ድንጋይ ያግላል። ድርሻችንን ለሌሎቹ እንሰጣለን። ወታደሮቹ «እነዚህ ሴቶችማ ግመል ናቸው» እያሉ ያደንቁናል። ዘሀራ ትስቃለች። እኔም እስቃለሁ።

እንዲህ እያልን ስንቆይ ዘሀራ ወገቧን ያማት ጀመር። ማታ ማታ ብርድ ብርድ ይላታል። ከጉድጓዱ ስትመለስ ጥርሷን ነክሳ ነው። «ያቃጥለኛል» አለችኝ። ለሻምበሉ «ራሴን ነው» አለችው። እኔ አላስቻለኝም፤ ወደ ሐኪሙ ሄድሁ። ሐኪም የምንለው ጥቂት ወር የተማረ አሥር አለቃ ነው፤ ዕድሜው ከእኛ አይበልጥም። ሽንቷን እንደሚያማት በግልጽ ነገርሁት። አቀረቀረ። ጆሮው ቀላ።

«እንዲህ ላለው የሚሆን መድኃኒት የለኝም» አለ። «ያለኝ የቁስልና የወባ ነው። ወደ ኋላ የሚወርድ መኪና ሲገኝ አስልካታለሁ።»

የራስ ምታት ኪኒን ሰጠኝ። ያለው እሱ ነበር። መኪናው ሳይመጣ ውጊያው መጣ።

ጎህ ሲቀድ መድፍ ጀመረ። አፈሩ ከላያችን ይወርዳል። ቀጥሎ ሞርታር። ቀጥሎ ዝም አለ፤ ዝም ሲል እየመጡ እንደሆነ አወቅን። በግራ በኩል ያለው ጓድ መጀመሪያ ተኮሰ። ከዚያ ሁላችንም። ወደ ምሽጋችን ጫፍ ደረሱ፤ በእጅ ቦምብ መለስናቸው። እንደገና መጡ። እንደገና መለስናቸው። የሬዲዮው መነጋገሪያ በዘሀራ እጅ ነበር። ትኩሳቱ ዓይኗን አቅልቶታል። ከሻለቃው «ያላችሁበትን አሳውቁ» ሲሏት «አሁንም እዚሁ ነን» ትላለች። ደግማ «አሁንም እዚሁ ነን»። ሻምበሉ ከአጠገባችን ቆሞ ነበር፤ ወደቀ። «ንገሪያቸው» አለ። ምን እንደምትነግራቸው ሳይል ሞተ።

ረፋዱ ላይ ኮረብታው በእጃችን ነበር። የሞቱትን ከምሽጉ ስናወጣ ዘሀራ ክንዴን ያዘች። ተኩሱ ስለቆመ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀን ወደ ጉድጓዱ ወረድን። ጀርባዬን ሰጥቻት ቆምሁ።

«አስኑ» ብላ ጠራችኝ።

ዞር አልሁ። መሬቱ ቀይ ነበር።

«ተመትተሽ ነው?»

«አይ። ከውስጥ ነው።»

ከቁስለኞች ጋር ወረደች። ከኋላ ባለው ሆስፒታል መርፌ ወጓት፤ ተሻላት፤ ተመለሰች። በሥርዓት ሽኝት አግኝተን እስክንወጣ ድረስ አብረን አገለገልን።

ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ባሕር ዳር ገባን። እኔ ፋብሪካ፣ ፈትል ክፍል ተቀጠርሁ። ዘሀራ ሰይድን አገባች። ሰይድ ዓባይ ማዶ የቤት ዕቃ የሚሸጥ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። ሁለት ልጆች ወለዱ። ኑሮዋ ደህና ነበር። ያ ነገር ግን አልለቀቃትም። ወገቧን ያማታል፣ ይተዋታል፤ ትኩሳት ይመጣል፣ ይሄዳል። ከመድኃኒት ቤት ኪኒን እየገዛች ትውጣለች። ከቤቷ ውጭ ሽንት ቤት ስትገባ አላየሁም። ወረታ ለመሄድ ካሰበች ከዋዜማው ጀምሮ ውኃ አትቀምስም። ለሠርግ፣ ለለቅሶም እንደዚያው። የኮረብታውን ልማድ ይዛው መጣች።

«ተነሽ ሐኪም ቤት እንሂድ» ስላት፦

«ምን ብዬ ልንገራቸው?» ትለኛለች። «ወንድ ቢሆንስ?»

«ሴት እንፈልጋለን።»

«ሲብስብኝ እነግርሻለሁ።»

ስንት ጊዜ እንዲህ እንደተባባልን አላውቅም። አንድ ቀን ባጃጅ ጠርቼ በሯ ላይ አቆምሁ። ሻይ አፍልታ ለሾፌሩ ሰጠችው፣ አመስግና መለሰችው።

አምና ፊቷ አበጠ። እግሯ ጫማ አልገባ አለ። ምግብ ሲሸታት ያስመልሳታል። ያን ጊዜ ሰይድና እኔ ደግፈን ወሰድናት። ዶክተሯ ሴት ናት፤ በዕድሜ ልጃችን ልትሆን ትችላለች። የደሙን ውጤት አየች። ደግማ አየች።

«እናቴ፣ ለምን ይህን ያህል ቆዩ?»

ዘሀራ ግድግዳውን አየች። በመድፍ ሥር ያልታጠፈ አንደበቷ ታጠፈ። እኔ ተናገርሁ። ስለ ኮረብታው፣ ስለ ጉድጓዱ፣ ስለ ደሙ ነገርኋት። ሰይድ ቁጭ ብሎ ይሰማል፤ ይህን ሁሉ ዓመት አብሯት ኖሮ ይህን አልሰማም ነበር። እጁን ጉልበቷ ላይ አደረገ።

ዶክተሯ ብዕሯን አስቀመጠች። «ከዚያ የመጣ ይሁን ከሌላ፣ አሁን ማወቅ አይቻልም» አለች። «ኩላሊቶቹ ግን ሁለቱም ደክመዋል።»

የኩላሊት እጥበት ጀመረች። ማሽኑ ጥቂት፣ ሰው ብዙ ነው፤ ተራ እስኪደርስ ኮሪደሩ ላይ እንቀመጣለን። ሰይድ ኩላሊቱን ልስጥ አለ፤ መረመሩት፤ አይስማማም አሉ። እኔም ልስጥ አልሁ።

«እርስዎ መስጠት አይችሉም» አለችኝ ዶክተሯ። «የደም ግፊት አለብዎ። የራስዎ ኩላሊትም ክትትል ይፈልጋል። እስከ ዛሬ አልተመረመሩም?»

አልተመረመርሁም ነበር። ጓደኛዬን ልጎትት በሯ ላይ ባጃጅ ሳቆም፣ ስለ ራሴ አስቤ አላውቅም።

ለኩላሊት ሕመምተኛ ውኃ ተለክቶ ነው የሚሰጠው። የማይወጣ ውኃ ሰውነት ውስጥ ይከማቻል፤ ሳንባ ድረስ ይደርሳል። ለዘሀራ የተፈቀደላት ለቀን አንዲት ትንሽ ጠርሙስ ነበረች። አንድ ቀን ከእጥበት ስንመለስ «አየር ልውሰድ» አለች፤ ወደ ጣና ዳር ወሰድናት። ደንገሉ ሥር አንድ ታንኳ ታስሯል። ነፋሱ ውኃውን እያንቀሳቀሰ እግራችን ሥር ያደርሰዋል።

«ያኔ ውኃው ነበር፣ እኛ አልጠጣንም» አለች። «አሁን ልጠጣ ስል ከለከሉኝ።»

ሰይድ ፊቱን አዞረ። እኔ ያን ቀን የቀረላትን ጠርሙስ ይዣለሁ። እንኪ ብዬ ባጠጣት እጎዳታለሁ፤ ብከለክላትም ጥሟ ፊቴ ነው። መሐረቤን አርጥቤ ከንፈሯን ጠረግሁላት። ሌላ የማደርገው አልነበረኝም። ኮረብታው ላይ ቢያንስ የምተኩስበት ነበረ።

በክረምቱ መጨረሻ ከእጥበት ተመልሳ ተኛች፤ በዚያው አለፈች።

የተቀበረችው ወረታ፣ አባቷ አጠገብ ነው። በነሱ ሥርዓት ወንዶቹ ተሸክመው ሄዱ፤ ሴቶቹ ቤት ቀረን። እኔ ስንቱን በቃሬዛ ያወረድሁ ሰው፣ የእሷን ቃሬዛ በመስኮት አየሁት። እህቷ አጠገቤ ተቀምጣ «ምን ነበር ያመማት? እኛ እኮ ወገቧን ነው ብለን» አለችኝ። ነገርኋት። እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ቀጥላም፣ ሌሎቹ ለቀስተኞች ሰምተው እንደሆነ ዙሪያዋን አየች።

እዚያ ኮረብታ ላይ ከሻምበላችን አርባ አንድ ሰው ሞቷል። ስማቸው በሰልፍ ፊት ተነቧል፤ ቆሜ ሰምቻለሁ። ዘሀራ ከነሱ ጋር አትቆጠርም። ዶክተሯ እርግጠኛ አልሆነችም፤ እኔም አርባ ሁለት ነው ብዬ ከማንም ጋር አልከራከርም። የማውቀው ቢኖር ጥይት ያልነካት ልጅ፣ አንድ ቃል ለመናገር አፍራ እንደታመመች ነው። ያን ቃል የሚሰማ ጆሮም አልነበረም። እኔ ተናግሬው አይቻለሁ፤ ለሐኪሙም ነግሬ ነበር።

ከለቅሶው ወደ ባሕር ዳር የተመለስሁት በሚኒባስ ነው። የጉማራን ወንዝ ተሻግረን፣ ሩዙን በግራና በቀኝ እያየን ስንሄድ ሽንቴ መጣ። ልይዘው ጀመርሁ። ከዚያ ተውሁት።

«የኔ ልጅ፣ አስቁምልኝ። ሽንቴን መሽናት እፈልጋለሁ» አልሁ ጮክ ብዬ።

ከኋላ አንዱ ሳቀ። ረዳቱ «ሐሙሲት እንደርሳለን እኮ እናቴ» አለኝ።

«አልደርስም።»

ሾፌሩ አቆመ። ስወርድ አንዲት አሮጊት ምርኩዛቸውን ይዘው ተከተሉኝ። ከቁጥቋጦው ጀርባ ነጠላዬን ዘርግቼ ከለልኋቸው፤ እሳቸውም ለእኔ ከለሉልኝ። «እግዜር ይስጥሽ» አሉኝ ቀስ ብለው። «ከአዲስ ዘመን ጀምሬ ይዤው ነው የመጣሁት።»

ስንመለስ መስኮቱ ጋ የተቀመጠች አንዲት ወጣት አየሁ። ቦርሳዋን ታፋዋ ላይ አድርጋ እግሯን አጣብቃለች። ግንባሯን አልቧታል። ያንን አቀማመጥ አውቀዋለሁ።

በሩ ላይ ቆሜ «ልጄ፣ ነይ ውረጅ» አልኋት። «እኔ እከልልሻለሁ።»

ተሳፋሪው ሁሉ ወደሷ ዞረ።

«ምንም አልሆንሁም» አለች፣ ዓይኗን ከመስኮቱ ሳትነቅል።

ረዳቱ በሩን ዘጋ። ሐሙሲትን አለፍን። ዘንዘልማን አለፍን። ባሕር ዳር እስክንገባ እንደዚያው ተቀምጣ ነበር።