ጉድጓድ የለመደ ሰው

ኮረብታውን እንድንይዝ የታዘዝነው በማለዳ ነው። ስሙን አልነግራችሁም። ዛሬም ግን ከጉለሌ ሆኜ ወደ እንጦጦ ቀና ባልኩ ቁጥር ያ ኮረብታ ትዝ ይለኛል።

ይህን የማነሳው ልጄ ሰላም ነገ ለውትድርና ልትመዘገብ ስለሆነ ነው። ከተመረቀች ጀምሮ ሥራ አላገኘችም። ትናንት ፊቴ ተቀምጣ «አባዬ፣ በደንብ አስቤበታለሁ። አደጋ እንዳለው አውቃለሁ፤ ግን ሞት እዚህስ የለም እንዴ?» አለችኝ።

እኛም አስበንበት ነበር። አብሮኝ የዘመተው ታደለ የሽሮ ሜዳ ሽማኔ ነበር። ሽማኔ ቀኑን ሙሉ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ነው የሚሠራው። እኛ ብርዱን፣ ረሃቡን፣ ጥይቱን እያነሳን ስንፈራ እሱ ይስቅብን ነበር። «ምሽግ ጉድጓድ አይደለም እንዴ? እኔ እኮ ጉድጓድ ውስጥ ነው ያደግሁት!»

ኮረብታውን ያዝን። ቆፈርን። ረፋዱ ላይ መትረየስ ተከፈተብን። አፈር ፊታችን ላይ ይረግፍ ነበር። ጸሎት ብጀምርም «አቤቱ» ብዬ እዚያው ላይ እቀራለሁ። ታደለ አጠገቤ ጎንበስ ብሎ ይተኩሳል።

ቀትር ላይ ተኩሱ ቆመ። ዝምታው የባሰ አስፈራኝ። ሽማኔ ሥራው ጋብ ሲልለት ከጉድጓዱ ወጥቶ ወገቡን ያፍታታል፤ ሳያስበው የሚያደርገው ነገር ነው። ታደለም ብድግ አለ። እጆቹን ወገቡ ላይ አድርጎ ተንጠራራ።

«ኧረ ወገቤን!» አለ።

የጓድ መሪያችን «ተኛ!» ብሎ ጮኸ። አንዲት ጥይት ብቻ መጣች። ታደለ እላዬ ላይ ወደቀ።

ማምሻውን አስከሬን ሰበሰብን። ከእኛ ጓድ አምስት ሰው ሞቷል። አራቱ የወደቁት በረፋዱ ውጊያ ነው። ታደለ ግን የሞተው ውጊያው ቆሞ ሳለ ነው።

ለሰላም ይህንኑ ነገርኳት። «የምትፈሪውንማ አስበሽዋል» አልኳት። «ሳታስቢው የምታደርጊውን ግን ማን ያስብልሻል?»

«ታዲያ ልቅር?» አለችኝ።

ቅሪ እንዳልላት ሥራ ፈት መሆኗ ውስጧን እየበላት ነው። ሂጂ እንዳልላት ደግሞ ታደለ ፊቴ ድቅን አለብኝ።

«እኔ ፈርቻለሁ» አልኳት። ከእኔ እንዲህ ያለ ቃል ሰምታ አታውቅም። እጄን ያዘችኝ።

«ፍርሃቱ መቼ ነው የሚለቀው፣ አባዬ?»

«አምስቱን የዚያኑ ቀን ለቀቃቸው» አልኳት። «እኔን ገና ነው።»