ፍየል ያልገባበት ወይን

የወይን ሥራ የሚጀመረው ከተለቀመ በኋላ ነው ይል ነበር ሊበን። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ በአንድ ግሪክ ነጋዴ፣ በሙሴ ስታቭሮ የወይን ማሳ፣ ጠባቂም አትክልተኛም ሆኖ አሥራ ስድስት ዓመት ኖሯል። እኔ የባቡር ጣቢያ ጸሐፊ ነበርኩ፤ ቤቴ ከማሳው አጥር ጋር ይዋሰናል፤ ስለዚህ የማወራው በዓይኔ ያየሁትን ነው። መስከረም ላይ ፍሬው ተለቅሞ ሰው ሁሉ ፊቱን ሲያዞር እሱ ዶማውን ያነሣል። የየግንዱን ሥር ይኮተኩታል፣ የፍየል በጠጥ ያለብሰዋል፣ ውኃውን ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ቅጠሉን ግን አይነካም፤ ሰውም አያስነካም። ቅጠሉ በራሱ ጊዜ ቢጫ ሆኖ እስኪረግፍ ድረስ ለግንዱ የከርሞ ስንቅ እያስገባ ነው ባይ ነው።

በጠጡን በየዓመቱ ከትውልድ ቀያቸው ከጀልዴሳ በአህያ ጭኖ የሚያመጣለት ታላቅ ወንድሙ ገዲ ነበር።

በሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት ክረምቱ ጀልዴሳን ረስቶ አለፈ። ሙሴ ስታቭሮ ያኔ ወደ አገሩ ሊሄድ ሲነሣ፣ ወይኑ ለከርሞም እንዲሁ ካፈራ የሚኖርባትን ጎጆ ከነግቢዋ በስሙ እንደሚያዞርለት ለሊበን ነገረው። ወረቀት የለ፣ ምስክር የለ፤ ላም አለኝ በሰማይ። ሊበንን በጽሑፍ አስይዘው ብዬ ብመክረው ተቆጣኝ፤ የሰው ቃል አታርክስ አለኝ። ሞኝነቱ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ገዲ መጣ፤ በዚህ ጊዜ በጠጥ ሳይሆን አጥንታቸው የሚቆጠር ዐርባ ፍየሎች እየነዳ። እነሱ አገር ማሽላ ከታጨደ በኋላ ማሳው የሁሉም ነው፤ የማንም ከብት ገብቶ አገዳውን ቢበላ ከልካይ የለውም። ገዲም ወይኑ ተለቅሟል፣ እንግዲህ በሩ ክፍት ነው ብሎ ነው የመጣው። ሊበን በሩ ላይ ቆመ። በሶማሊኛ ሲነጋገሩ እሰማለሁ፤ ቋንቋውን አውቀዋለሁ። ቅጠሉ ዛሬ ከተበላ ለከርሞ ፍሬ እንደማይኖር፣ ፍሬ ከሌለ ጎጆዋም እንደምትቀር አስረዳው። ገዲ በትዕግሥት አዳመጠው።

«በኔ ፍየሎች በጠጥ የለመለመ ቅጠል አይደለም ወይ?» አለው በመጨረሻ።

ሊበን በሩን አልከፈተም። ገዲ ክፉ ቃል ሳይወጣው መንጋውን ወደመጣበት መለሰ። እኔም ከአጥሩ ወዲህ ዝም ብዬ አየሁ፤ ሳስበው ራሴን እጠላለሁ።

ቅጠሉ በሰላም ቢጫ ሆኖ ረገፈ። ጥር ላይ ወይኑ ሲገረዝ ግንዱ ጤነኛ ነበር፤ ሊበን አንድ በአንድ እየነካ አሳየኝ። መጋቢት ላይ አንድ የማናውቀው ሰው ውል ይዞ መጣ። ማሳው ተሸጧል፤ መጋዘን ይሠራበታል፤ ጎጆዋም በሽያጩ ውስጥ አለች። ትራክተሩ ወይኑን በሁለት ቀን ነቅሎ ጨረሰው፤ ለምለም ቅጠል ገና ማውጣቱ ነበር።

ሊበን ወደ ጀልዴሳ መልእክት ላከ፤ ፍየሎቹ ይምጡና እስኪጠግቡ ይብሉ አለ። በሦስተኛው ቀን ገዲ በትሩን ብቻ ይዞ መጣ። ሊበን መንጋውን ፍለጋ በወንድሙ ትከሻ ላይ አሻግሮ አየ።

«ፍየል የለም» አለው ገዲ። «ኅዳር ሳይወጣ አለቁ። እኔ የመጣሁት አንተን ልወስድ ነው።»

ቢሰድበው፣ ቢመታው ይሻለው ነበር። ሊበን ዕቃውን ሸከፈ። ገዲ ከባዱን ጥቅል ከእጁ ተቀብሎ ትከሻው ላይ አደረገና ፊት ፊት ሄደ።