በባቄላዎቹ መሐል አንዲት የበቆሎ ፍሬ

መንደር ምሥረታው በተፋፋመበት ሰሞን አዋሳ ውስጥ የቤት ፕላን እነድፍ ነበር። ከበላይ የሚወርድልን ንድፍ ለሁሉም አንድ ነው፤ ሰዉን እንደ ወታደር ያሰልፈዋል። እኔ ደግሞ ከሁሉም የበለጥኩ መስሎኝ «ሰው ቤቱን ራሱ ያሳየን» ብዬ ተከራከርኩ። አለቃዬ እየሳቀ ፈቀደልኝ። ምነው በከለከለኝ እላለሁ እስከ ዛሬ።

ከከተማው ወጣ ብላ ወደምትገኘው ቱላ የሄድኩት ከገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ጋር ነው። አንዲት እናት ደጃፍ ላይ አመድ በተንኩና በጣቴ ክብ ሠርቼ እፍኝ በቆሎና እፍኝ ባቄላ ሰጠኋቸው።

«ባቄላው ከብት፣ በቆሎው ሰው ይሁን። ማን የት እንደሚተኛ ያሳዩኝ» አልኳቸው።

መጀመሪያ አፍረው ሳቁ። ቀስ በቀስ ጨዋታው ያዛቸው፤ እኔም የሚያስቀምጡትን እያየሁ ወረቀት ላይ እነድፋለሁ። ላሞቹን በግራ፣ ባለቤታቸውን ከምድጃው አጠገብ፣ ሁለቱን ሴቶች ልጆች ከራሳቸው ጎን አደረጉ። ጥጃዋ ብርድ ስለማትችል ከልጆቹ እግር ሥር አስተኟት። ስለ ቤታቸው የጠየቃቸው ሰው ኖሮ አያውቅም፤ ደስ ብሏቸው ነበር። እኔማ ልቤ አብጧል። ከዚያ አንዲት የበቆሎ ፍሬ ባቄላዎቹ መሐል አስቀመጡ።

«ከላሞቹ ጋር ማን ይተኛል?»

«ከላያቸው፣ ቆጡ ላይ ነው። ትልቁ ልጄ» አሉና እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

ልጁ ለብሔራዊ ውትድርና ይፈለግ ነበር። በማኅበሩ መዝገብ ላይ ሥራ ፍለጋ ሻሸመኔ ሄዷል ተብሎ ተጽፏል። እኔ ይህን አላውቅም፤ ከኋላዬ የቆመው ሊቀ መንበር ግን ያውቃል።

«ግሩም ሥራ ነው ጓድ። ስትጨርስ ወረቀቷን እስቲ ልያት» አለኝ ብቻ።

አንዳች ነገር አልጠረጠርኩም ብል ውሸት ነው። የሴትዮዋን ፊት አይቻለሁ። ግን ሥራዬ ተወደደልኝ፤ ቆጡን በቀይ እርሳስ አክብቤ ሰጠሁት።

በሳምንቱ አዲሱን ፕላን ላሳያቸው ተመለስኩ። ለከብቶቹ ቦታ ከልዬ፣ ቆጥም ጨምሬበት ነበር። ባለቤታቸው ሲያዩኝ ተነሥተው ወደ እንሰቱ ገቡ። ትንሿ ልጅ በሩ ላይ ቆማ «ወንድሜን ወሰዱት» አለችኝ።

እናትየው ወጡ። ፕላኑን አላዩትም። የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው አንዲት የበቆሎ ፍሬ አወጡና መዳፌ ላይ አስቀመጡ።

«አሁን ደግሞ አንተ አሳየኝ፣ ልጄ» አሉ። «የት ነው የሚተኛው?»